በማውስ የሚሳል ሥዕልና የደብረ ታቦር ደጋ ቅርስ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ኮምፒዩተር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወይም ወደ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አዲስ በገባ ጊዜ፣ የተመልካችን ዓይን ፈጥኖ የሚስበው የሥዕል ፕሮግራሙ ነው። ማውሱ በጠረጴዛው ላይ ሲሄድ መስመሩ በመስተዋቱ ላይ ይከተለዋል፤ አንዲት ቁልፍ ስትጫን ባዶው ስፍራ በቀለም ይሞላል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ፕሮግራሙን የልጆች መጫወቻ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን የአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ፎቶግራፍ በዚሁ ፕሮግራም በተከፈተ ጊዜ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ያልሠለጠነ እጅ በአንዲት ትእዛዝ ተመልሶ የማይገኝ ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ መግለጽ፣ ከዚያም በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ እንዴት ቢያዝ እንደሚጠቅምና እንዴት ቢያዝ እንደሚጎዳ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥቂት መናገር ይገባል። ማውስ የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ ያሳዩት አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆኑ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1968፣ ቦታውም ሳን ፍራንሲስኮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ሹፕ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ውስጥ ሱፐርፔይንት የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ሠሩ። ይህ ሥራ ግን ለብዙ ሕዝብ አልደረሰም ነበር። ሥዕልን በማውስ መሣል ለብዙ ሕዝብ የደረሰው፣ አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒዩተር፣ ቢል አትኪንሰን ከደረሱት ማክፔይንት ከተባለው ፕሮግራም ጋር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ የመጀመሪያ እትም ጋር የራሱን የሥዕል ፕሮግራም አወጣ። ዛሬ በየቢሮው የሚገኘው ፔይንት የዚያ ተከታይ ነው።

የማክፔይንት አሠራር በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። የማኪንቶሹ መስተዋት በአግድም 512፣ በቁመት 342፣ በድምሩም 175,104 ነጥቦች ነበሩት። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው፤ መካከለኛ የለውም። ሥዕሉ በማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠው የእነዚህ ነጥቦች ዝርዝር ሆኖ ነው። ፕሮግራሙ ፊትን ወይም እጅን ወይም መስቀልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ስንተኛው ነጥብ ጥቁር፣ ስንተኛው ነጭ እንደሆነ ብቻ ነው። በኋላ ቀለም ሲጨመር ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ይመዘገብ ጀመር። በተለመደው አሠራር ለሦስቱ ለእያንዳንዳቸው 256 ደረጃ ስላላቸው፣ አንዲት ነጥብ ከ16,777,216 ቀለሞች አንዱን ልትይዝ ትችላለች። የነጥቡ ሕግ ግን አልተለወጠም።

ይህ ሐሳብ ለደጋው ሰው ባዕድ አይደለም። ሸማኔ ጥለት በሚያወጣበት ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ድሩ በአንድ ወገን፣ ማጉ በሌላው ወገን ይሄዳል፤ ባለ ቀለሙ ክር በስንተኛው ድር ላይ እንደሚወጣና በስንተኛው ሥር እንደሚገባ በቁጥር ይታወቃል። መስቀሉም ሆነ ማዕዘኑ የሚወጣው ከቁጥር ነው፤ አንዲት ክር የተሳሳተች እንደሆነ ጥለቱ በዚያ ቦታ ይሰበራል። በጥለት ላይ የተጠማዘዘ መስመር በቅርብ ሲታይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ እንደሚገኝ ሁሉ፣ በኮምፒዩተር የተሳለ ክብም በማጉያ ሲታይ ደረጃ ነው። የነጥብን ነገር ለተማሪ ማስረዳት የሚፈልግ መምህር ከባዕድ አገር ምሳሌ ከሚያመጣ፣ የነጠላን ጥለት ቢያሳይ ፈጥኖ ይሳካለታል።

የኢትዮጵያ ፊደልም በነጥብ ሕግ ተፈትኗል። በቀደሙት ኮምፒዩተሮች አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚሳለው 8 በ8 በሆነ ሠንጠረዥ፣ ማለትም በ64 ነጥቦች ውስጥ ነበር። የላቲን ፊደል በዚህ ስፍራ ይበቃው ነበር። የግእዝ ፊደል ግን አይበቃውም፤ ምክንያቱም ሉ ከሊ የሚለየው ምልክቱ በእግሩ መካከል ወይም በእግሩ ጫፍ በመሆኑ ነው። ቀለበት የምትመስለው የሌ ምልክትም መሐሏ ባዶ ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ 3 በ3 የሆነ ስፍራ ትፈልጋለች። በዚህ ላይ የፊደሉ ብዛት ተጨመረ፤ 33ቱ ሆሄያት በሰባቱ ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ። ኮምፒዩተሩ ግን በአንድ ባይት ከ256 በላይ ምልክት መያዝ አይችልም፤ ከእነዚህም ግማሾቹ አስቀድመው በላቲን ፊደልና በትእዛዝ ምልክቶች ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ አገር እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የደከሙት ይህን ችግር ለመወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የኢትዮጵያን ፊደል በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ባስገባ ጊዜ የቁጥሩ ጥያቄ መልስ አገኘ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ ነጥብ ሲያንስ የሚጠፋው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ትርጕምም ጭምር መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንመለስ ቢባል፣ የሥዕል ፕሮግራም ዕቃዎች ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሥራ ተራ ጋር የሚቀራረቡ ሆነው ይገኛሉ። በጥንቱ አሠራር ሠዓሊው አስቀድሞ የምስሉን ዳር በመስመር ያወጣል፤ ቀጥሎ ልብሱንና ገጹን በቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻም መስመሩን ደግሞ በጥቁር ያጠናክራል። በፕሮግራሙም እርሳሱ ዳሩን ያወጣል፣ ባልዲው ይሞላል፣ ብሩሹ ያጠናክራል። ልዩነቱ በባልዲው ላይ ነው። ባልዲው የሚሠራው ከተነካችው ነጥብ ተነሥቶ፣ ቀለሟን ወደሚመስሉት ጎረቤቶቿ እየተሻገረ፣ ሌላ ቀለም እስኪያግደው ድረስ በመሄድ ነው። ስለዚህ በዳሩ መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ክፍት ከቀረች ቀለሙ በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ገጹን ሁሉ ያጥለቀልቃል። የእጅ ሠዓሊ ክፍተቷን በዓይኑ ይዘጋታል፤ ማሽኑ ግን የሠዓሊውን አሳብ አያውቅም። ጀማሪ ተማሪ ከዚህ ሥራ የሚማረው ትልቁ ነገር ጥንቃቄ ነው።

ማውስ የሚነሣውም ነገር አለ። ብሩሽ ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያቀሉት ይቀጥናል፤ ማውስ ግን የእጅን ክብደት አይለካም። እጅ በጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን በመስተዋት ላይ በመሆናቸውም ሁለቱ ተለያይተው ይሠራሉ። ስለሆነም በማውስ የሚማር ልጅ ከሰልና እርሳስ መተው የለበትም። አስቀድሞ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አንድ የሐረግ ጌጥ ነጥብ በነጥብ ቢያወጣ፣ ከዚያም ያንኑ በመስተዋት ላይ ቢደግም፣ ቁጥሩም እጁም አብረው ይሠለጥናሉ። ለዚህ ትምህርት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበረ ሲታሰብ፣ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከዚህ በላይ ከባድ የሆነው ጉዳይ የቅርስ ጉዳይ ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ የሊቃውንት አገር ነው። ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በድጓ ምስክርነት የታወቁ ናቸው። በቤተ ልሔም ባለ አራት ማዕዘኑ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በክብ ሕንፃ ተከቦ ይገኛል፤ ግድግዳውም በሥዕል የተዋበ ነው። እንዲህ ያሉ የግድግዳ ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሳሉት በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ በመሆኑ፣ ዝናብ የገባ እንደሆነ ጨርቁ ከነሥዕሉ ይላጣል። ጦርነትም ሩቅ አይደለም፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የመድፍ ጥይት ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ወድቋል። ከዚያም በፊት፣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አሰባስበው በመቅደላ ያኖሯቸው መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ከ300 በላይ የሚሆኑት ለንደን ገብተዋል። በቦታው ያለ ነገር ሁልጊዜ በቦታው እንደማይኖር የዚህ አገር ሰው ያውቃል።

ስለዚህ ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል፤ የአያያዙም ዓይነት የኋለኛውን ትውልድ ዕውቀት ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ታላቅ ሥራ ተጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ በሚኔሶታ ተቀምጦ ለብዙ ምሁራን ጠቅሟል። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። በብራናው ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም የሚጻፍ ሲሆን፣ በፊልሙ ላይ ቀዩ ከጥቁሩ በመደብዘዝ ብቻ ይለያል። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ያልተመዘገበውን ቀለም ግን ማንም ከፊልሙ ሊያወጣው አይችልም።

በሥዕል ፕሮግራም የሚደርሰው ጥፋት ከዚህ የሚከፋው፣ የተመዘገበውን መልሶ ስለሚያጠፋ ነው። አንድ ሠራተኛ 2,000 በ1,500 ነጥብ የሆነውን ፎቶግራፍ ለማተም እንዲመቸው ወደ 500 በ375 ቢያሳንሰውና በዚያው ስም ቢያስቀምጠው፣ ከ3,000,000 ነጥቦች የሚቀሩት 187,500 ብቻ፣ ማለትም ከ16 አንድ እጅ ናቸው። መልሶ ቢያተልቀው ነጥቡ ይበዛል እንጂ የጠፋው መስመር አይመለስም። ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነትም ሥዕሉን 8 በ8 ወደሆኑ ክፍሎች ከፋፍሎ ረቂቁን ነገር በመጣል ቦታ ይቆጥባል፤ ፋይሉ ታርሞ በተቀመጠ ቍጥር መጣሉ ይደገማል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ «ማጽዳት» የሚባለው ነው፤ የተላጠውን በብሩሽ መሙላት፣ የደበዘዘውን ዓይን ማጉላት። ያ እጅ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ምስሉን የሚመለከት ተመራማሪ የጥንቱን ሠዓሊና የአሁኑን ሠራተኛ መለየት አይችልም።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚከተሉት የሥራ ደንቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከካሜራ የወጣው ፋይል እንደ ድርሳን ተቆጥሮ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ማናቸውም ሥራ በቅጂው ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቅጂው ነጥብ በማይጥል የፋይል ዓይነት፣ ለምሳሌ ፒኤንጂ በተባለው ይያዝ። ሦስተኛ፣ ከሥዕሉ አጠገብ ማስመሪያ ተደርጎ ፎቶ ይነሣ፤ ሁለት ሜትር የሚሰፋ ሥዕል በ2,000 ነጥብ ከተነሣ አንዲት ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር ስለምትሆን፣ ከዚያ የቀጠነ መስመር አይያዝም፤ ስለዚህ ሥዕሉ በክፍል በክፍል ይነሣ። አራተኛ፣ የተጨመረ ወይም የታረመ ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ቀኑና ቦታውም አብሮ ይያዝ። አምስተኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪና ቄሰ ገበዙ ፈቃድ ሳይሰጡ ምንም እንዳይነሣ፤ የተነሣውም ቅጂ ለደብሩ ይሰጥ። ሥዕሉ የደብሩ ነውና፣ ምስሉ በሌላ ሰው እጅ ብቻ ቢቀር የመቅደላው ነገር በትንሹ እንደ ተደገመ ይቆጠራል።

ይህን ሥራ ለማከናወን ውድ ዕቃ አያሻም። በደብረ ታቦር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በየወረዳው መምህራንና የባህል ሠራተኞች አሉ፤ ፔይንት የተባለው ፕሮግራምም በአብዛኛው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። የሚያስፈልገው፣ መቼ ብሩሹን ማንሣትና መቼ እጅን መሰብሰብ እንደሚገባ ያወቀ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የማሠልጠን ኃላፊነት ከሌላ አካል ይልቅ የዚህ ማኅበር አባላት ነው፤ አዲሱ የትምህርት ዘመን ሳይገባ በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ መምህርና አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አብረው የሚማሩበት የአጭር ጊዜ ሥልጠና ቢዘጋጅ ጅምሩ ይበቃል።