ጅራቱ የተቆረጠው ጌኮ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እዚህ አሜሪካ ልጆቻችንን ውሻ ብንከለክላቸው ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን እንሽላሊት ለመኑን። አገር ቤት እንሽላሊት ስናይ መጥረጊያ የምናነሣ ሰዎች ነን! ቢሆንም ፈቀድን።

ስህተቱ የእኛው ነበር። «ያንተ ነው፣ አንተው ተንከባከበው» ብለን ወደ ሥራችን ሮጥን። ከመካከላችን የአንዷ የስምንት ዓመት ልጅ ጌኮውን በጅራቱ ሲይዘው ጅራቱ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ። እንሽላሊቱ ሲደነግጥ ጅራቱን ራሱ ይጥላል፤ ቆይቶም መልሶ ያበቅላል። ልጁ ግን ቁጣ ፈርቶ ሁለት ቀን ደበቀ። ያሳዘነን ጅራቱ አይደለም፣ መደበቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ አብረን እንሠራለን። ጌኮው የሚነቃው ሲመሽ ስለሆነ ከሥራ መልስ ይመቸናል። ፌንጣዎቹ ላይ የካልሲየም ዱቄት እንነሰንሳለን፣ ውሃ እንቀይራለን፣ የሞቃቱ ጥግ 90 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ መሆኑን እናያለን። ሳልሞኔላ ሊያስተላልፍ ስለሚችል እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ያያሉ እንጂ አይነኩም። በደንብ ከተያዘ ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ልጆቹ ኮሌጅ ሲገቡ ፌንጣ ገዢዎቹ እኛው ነን ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ያ ልጅ ውሃ መቀየር መርሳቱን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለእናቱ ነገራት።