የዕለት ኑሮ ውጥረትና አያያዙ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጎፋ ማዞሪያ ላይ ማለዳ ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈ ሠራተኛ ሕይወቱን የሚያሰጋ አደጋ አልገጠመውም። ይሁን እንጂ ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ አንገቱና ትከሻው ይወጠራል፤ አፉ ይደርቃል። አሜሪካዊው የሥነ አካል ተመራማሪ ዋልተር ካነን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እንዳብራራው፣ ይህ አካል ለትግል ወይም ለሽሽት የሚያደርገው ዝግጅት ነው። ከኩላሊት በላይ የሚገኙት ዕጢዎች አድሬናሊን ያመነጫሉ፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ጅብ ለመጣበት እረኛ ይህ ዝግጅት ሕይወት አዳኝ ነው። ታክሲ ለሚጠብቀው ሠራተኛ ግን የሚታገለውም የሚሸሸውም ነገር የለም።

ሐኪሙ ሃንስ ሴልየ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ብርድም ሆነ ቁስል፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ድካምም ሆነ መድኃኒት በአይጦች አካል ላይ ተመሳሳይ ለውጥ እንደሚያስከትል ገለጠ። ምላሹንም በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ መጀመሪያ መደንገጥ፣ ቀጥሎ መቋቋም፣ በመጨረሻም መዛል። ከዚህ የምንረዳው ውጥረት በራሱ በሽታ አለመሆኑን ነው። ጉዳት የሚያመጣው ዕረፍት ሳያገኝ ሲራዘም ነው፤ ያን ጊዜ እንቅልፍ ይታወካል፤ የደም ግፊትና የልብ በሽታም መንገድ ያገኛሉ።

ይህ ከሆነ፣ አንዱን ችግር ከሌላው ይልቅ ከባድ የሚያደርገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጄይ ዋይስ የተባለው ተመራማሪ ባደረገው ሙከራ፣ አይጦች እኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ደረሰባቸው። ንዝረቱ ከመምጣቱ በፊት ምልክት የሚሰጣቸውና በገዛ ድርጊታቸው ሊያስቆሙት የሚችሉት፣ የጨጓራ ቁስላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ሕመሙ እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የፈጠረው፣ መቼ እንደሚመጣ ማወቅና በነገሩ ላይ ሥልጣን ማግኘት ነበር።

የጎፋ ነዋሪ ውጥረትም በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ውኃው መቼ እንደሚመጣ፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ የቤት እመቤቲቱ ሌሊቱን ሁሉ ጆሮዋን ወደ ቧንቧው አድርጋ ታድራለች። በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ከተመዘገቡት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከዐሥር ዓመት በላይ ዕጣ ጠብቀዋል። ዕጣ የደረሰውም ቢሆን ከማያውቃቸው ጎረቤቶች መካከል ይገባል፤ ዕድሩና የቡና ጓደኞቹ በቀድሞው ሠፈር ይቀሩበታል። ቤት በማግኘቱ ደስ እያለው ችግሩን የሚያካፍለው ሰው ያጣል።

ኃላፊነት የበዛበት ሰው ከሌላው ይልቅ ይወጠራል የሚለው አስተያየትም መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት እንዳሳየው፣ በልብ በሽታ ይበልጥ የሚሞቱት በዝቅተኛው እርከን ያሉት ናቸው። በኋላ የተደረገው ተከታይ ጥናትም በሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን ማነስን ከዚሁ በሽታ ጋር አያይዞታል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሁሉን ነገር በሐሳብ ማሳበብም አደጋ አለው። በአገራችን የጨጓራ ሕመም ሁሉ ሐሳብ ከማብዛት እንደሚመጣ ሲነገር ኖሯል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1982 ዋረንና ማርሻል የተባሉት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ያገኙት ባክቴሪያ ለብዙው የጨጓራ ቁስል ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል። ውጥረት ሕመሙን ሊያባብስ ቢችልም፣ ሕመምተኛውን «አታስብ» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም።

ስለ አያያዙ ሲነሣ፣ በመጀመሪያ አካልን ማሳረፍ ይገባል። ትንፋሽን ከሚስቡት ይልቅ አርዝሞ ማስወጣት የልብን ምት ያረጋጋል። በእግር መሄድና በተወሰነ ሰዓት መተኛት ይጠቅማል። ማታ የሚጠጣ ቡና ለብዙ ሰዓት በደም ውስጥ ስለሚቆይ እንቅልፍ ያጓድላል። ጫትና መጠጥ ለጊዜው ያስረሱ ይመስላሉ እንጂ የእንቅልፉን ዕዳ ያበዛሉ።

ቀጥሎ ችግርን መለየት ነው። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 አረጋውያን ሴቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ይህ የሆነው በሐራሬ የብዙ ሰዎች ቤት በፈረሰ ማግሥት ነበር። ሴቶቹ ባለጉዳዩን ያዳምጡታል፤ ችግሮቹን አንድ በአንድ ያስቆጥሩታል፤ ከእነርሱም ሊነካ የሚችለውን አንዱን መርጦ ትንሽ እርምጃ እንዲወስድ ያግዙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ምልክቶቹ መቀነሳቸውን አረጋግጧል። ዕድርና የቡና ሥርዓት ባለበት አገር እንዲህ ያለውን ወንበር ማግኘት ከባድ አይሆንም። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ዕድር ማቋቋምም ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለጤና የሚደረግ ሥራ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የአለቆች ግዴታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ የሚመጣን መዛል በበሽታዎች ምደባው ውስጥ የሥራ ነክ ክሥተት ብሎ አስፍሮታል። የተረኛውን ዝርዝር በዋዜማው የሚለጥፍ አለቃና ከሳምንት በፊት የሚያሳውቅ አለቃ እኩል ሥራ ቢያሠሩም፣ ሠራተኞቻቸው የሚሸከሙት ጭንቀት እኩል አይደለም። የመጀመሪያው አለቃ የሠራተኞቹን ውጥረት በትንፋሽ ልምምድ ብቻ ሊያስወግድ አይችልም፤ ዝርዝሩን ቀድሞ ማውጣት አለበት።

በመጨረሻም የራስ ጥረትና የጎረቤት እገዛ የማይበቁበት ወሰን አለ። ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ዕለት ዕለት ከጸና፣ ሰውየው ሥራውን መሥራት ካቃተው ወይም ሞትን ከተመኘ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተነደፈው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ይህን አገልግሎት ከአማኑኤል ሆስፒታል ውጭ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ለማድረስ ያለመ ነበር። ዓላማው በተግባር የሚታየው፣ ራስ ምታትና የልብ ትርታ ይዞ የመጣውን ሰው የተቀበለ ባለሙያ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ቤትዎ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ ነው።