ሸክላውና ያልተፈጸመው ዘመን

አቅራቢው፦ እኅቴ ሆይ፣ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ከአዲስ አበባና ከጅቡቲ የሚመጣ መንገደኛ የሚያርፍበት ደማቅ ሥፍራ በነበረበት ዘመን የታተመ ሸክላ፣ ዜማው ገና ሳይጀምር፣ መርፌው በሚያሰማው ጭረት ብቻ ልቡናን የሚማርከው ስለ ምን ይሆን?

አቅራቢዋ፦ ስለ ድፍረቱ ይመስለኛል፣ ወንድሜ። በወጣትነቱ ኤልቪስ ፕሬስሊን አብዝቶ የወደደውና በፖሊስ ኦርኬስትራ የዘፈነው ዓለማየሁ እሸቴ የባሕር ማዶውን ሮክ ከሀገሩ ቅኝት ጋር ሲያዋሕድ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴም፣ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁን ሸክላ በሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ።

አቅራቢው፦ እውነት ነው፤ እኔ ግን ከድፍረቱ ይልቅ መቋረጡ ያሳዝነኛል። አብዮቱ ፈንድቶ ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት ጸጥ ሲያሰኘው፣ አምሃም ወደ አሜሪካ ሲሰደድ፣ ያ ትውልድ የጀመረውን ሳይፈጽም ቀረ፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ሁሉ ያላየውን ዘመን ይናፍቃል።

አቅራቢዋ፦ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የታተመው ኢትዮፒክስ የተሰኘው ተከታታይ የዘፈን አልበም ዘጠነኛ ቅጹን ለዓለማየሁ ባይሰጥ ኖሮ ናፍቆቱም መጠጊያ ባጣ ነበር።

አቅራቢው፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ከወላጆቻችሁ የተረፈ ሸክላ በቤታችሁ ካለ፣ የአዋሽ ሐሩር እንዳያጣምመው ከፀሐይ ሰውራችሁ፣ ሳትደራርቡ አቁማችሁ አኑሩት።