የባንክ ደብተሩ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እዚህ ቆመው ሊያነጋግሯችሁ የነበሩት ከዳባት ወረዳ የሚመጡ ሁለት እናቶች ነበሩ። መንገዱ ስላልተመቸ ቀሩ። ሰብሳቢያችንም «ስትመላለሺ የኖርሽው አንቺ ነሽና አንቺው ተናገሪ» አለችኝ። የእነሱን ቃል እንደነሱ አሳምሬ ማድረስ አልችልም፤ ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ከቡና በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

በራሳችን ጥፋት ልጀምር። ወፍጮውን ታስታውሱታላችሁ። ከበሶና ከሽሮ ሽያጫችን ትርፍ ቀንሰን፣ እዚህም እዚያም ለምነን፣ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ገዝተን ወደዚያች ጎጥ ላክን። ሲመረቅ የነበረው እልልታ ልዩ ነበር፤ ፎቶው ዛሬም ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወፍጮው አምስት ወር ፈጨ። ከዚያ ቺንጋው ተበጠሰ።

የቺንጋው ዋጋ ከአንድ ዶሮ ዋጋ አይበልጥም ነበር። ነገር ግን የወፍጮ ቤቱ ገንዘብ ያለው ጎንደር ነው፤ የባንክ ደብተሩ በእኛ ስም፣ ፈራሚዎቹም እኛው። አንዲት ዕቃ ለመግዛት ከዚያ ደብዳቤ መምጣት አለበት፣ እዚህ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሁለት ሰው ይፈርማል። ከፈራሚዎቹ አንዷ አራስ ነበረች፤ ሌላዋ ልጇን ለማሳከም አዲስ አበባ ሄዳለች። በመሐል መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም አልሠራ አለ። ወፍጮው ሰባት ወር ሙሉ ቆመ። ሴቶቹም ወደ ድንጋይ ወፍጯቸው ተመለሱ።

በመጨረሻ ቺንጋውን በፌስታል ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከዳባት ወርጄ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ከሄድኩ በኋላ ስደርስ የወፍጮ ቤቱ ደጅ ተጠርጎ፣ ሞተሩም በጆንያ ተሸፍኖ አገኘሁት። አንዲት እናት በሩን ከፍተው «እንኳን መጣሽ ልጄ፤ ወፍጯችሁን አቧራ እንዳይበላው እየጠበቅንላችሁ ነው» አሉኝ።

ወፍጯችሁ አሉኝ። እኛ በየስብሰባው «የእናንተ ንብረት ነው» ስንላቸው ከርመናል። እሳቸው ግን ከእኛ የተሻለ ገብቷቸዋል። የበሩ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ፣ ገንዘቡ እኛ ዘንድ ከሆነ እሳቸው ዘበኛ እንጂ ባለቤት አይደሉም።

ያን ዕለት ማታ ሌላም ነገር ተረዳሁ። መጀመሪያውኑ ወፍጮ አልጠየቁንም። ጎንደር ተመልሼ የመጀመሪያውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አውጥቼ አነበብኩ። «ውሃ» የሚል ቃል ሦስት ቦታ ተጽፏል፤ «ወፍጮ» ያለችው አንዲት ሴት ናት፣ እሷም ከእኛው አባላት አንዷ ናት። ክፋት አልነበረብንም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ስንፈጭ ስላደግን ወፍጮ ሲባል ወገባችን ያስታውሰናል። የራሳችንን ድካም ለእነሱ ሰጠናቸው።

በማግስቱ ንጋት ላይ አብሬያቸው ውሃ ቀዳሁ። ምንጩ ከጎጡ በታች፣ ገደሉ ሥር ነው። ሲወርዱ ቀላል ነው፤ ሲወጡ ግን ጀርባ ላይ ጀሪካን አለ። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ለእኔ ግማሽ ሞልተው ሰጥተውኝ እንኳ ሁለት ጊዜ ቁጭ አልኩ። ከፊቴ የምትሄደዋን ልጅ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብላት «ሦስተኛ ነበርኩ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳትም። ከምንጩ ሰውም ከብትም አንድ ላይ ይጠጣል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እበቱን ጠርጎ ዓይኑ ውስጥ ይጨምረዋል። ደጋ ስለሆነ፣ ብርድ ስለሆነ ውሃው ንጹሕ ይመስለናል። አይደለም።

ምንጭ ማጎልበት የሚባለው ሥራ ደግሞ ሞተር የለውም፣ ናፍጣ አይፈልግም፣ ቺንጋም የለውም። የምንጩ ዓይን በጥንቃቄ ይጠረጋል፤ ጠጠር ይደረደርበታል፤ በሲሚንቶ ሳጥን ይዘጋል፤ ውሃው በቧንቧ ይወጣል። ከላይ በኩል ጎርፉን የሚያሳልፍ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል፣ ከታች ለከብት ገንዳና ለልብስ ማጠቢያ ይሠራለታል። ድንጋዩና አሸዋው እዚያው ነው። ከጎንደር መሄድ ያለበት ሲሚንቶ፣ ብረትና ቧንቧ ነው። ልምድ ያለው ግንበኛም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ድምፅ አሰጣጡ እመጣለሁ። የቀረበው ሐሳብ ለምንጩ የሰበሰብነውን ገንዘብ በእነሱ ስም፣ በእነሱ አካባቢ በሚገኝ ቅርንጫፍ እንድናስገባ፣ ሦስት ፈራሚዎች እንዲኖሩትና ሁለቱ ሴቶች እንዲሆኑ ነው። ግዥውንም ግንበኛ መቅጠሩንም ራሳቸው ያካሂዱታል። ባለፈው ሳምንት ይህ ሐሳብ ሲነሳ አንዳንዶቻችሁ «ይሄማ ገንዘብ መበተን ነው» ብላችኋል። ስለዚህ ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነ፣ በክልላችንም ብዙ ጊዜ እንደተሞከረ ልንገራችሁ።

በ1987 ዓ.ም አካባቢ የኢትዮጵያና የፊንላንድ መንግሥታት በአማራ ክልል የገጠር ውሃና አካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግዥውንም ግንባታውንም በዋናነት የሚመራው ባለሙያው ነበር። ሕዝቡ ድንጋይ ያቀርባል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ገንዘቡን ግን አያየውም። ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ሌላ መንገድ ተሞከረ። የጎጡ ነዋሪዎች ራሳቸው ያመለክታሉ፣ የውሃ ኮሚቴ ይመርጣሉ፣ ውል ይፈርማሉ። ገንዘቡም ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው በያኔው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለእነሱ ይለቀቃል። ሲሚንቶ የሚገዙት እነሱ፣ ግንበኛውን የሚቀጥሩትና የሚከፍሉት እነሱ። የወረዳው ባለሙያ ያሠለጥናል፣ ይቆጣጠራል። ነዋሪዎቹ ከወጪው 15 በመቶ አካባቢ በጉልበት፣ በቁሳቁስና በገንዘብ ያዋጣሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አጠራቅመው ያሳያሉ።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር እዩልኝ። የቺንጋው ገንዘብ ቺንጋው ሳይበጠስ፣ እንዲያውም ወፍጮው ሳይገዛ፣ እጃቸው ላይ ነው ማለት ነው።

አሠራሩ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ሰፍቶ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተሻገረ። በዚህ መንገድ የተሠሩት የውሃ ተቋማት በአብዛኛው ሳይበላሹ አገልግሎት ሲሰጡ ተገኝተዋል። ለእኔ ግን የሚገርመው ባለሥልጣናቱና ለጋሾቹ ይህን እስኪያምኑ ድረስ የፈጀባቸው ጊዜ ነው። ዕድር ያለው ሕዝብ እኮ ነው! ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ዳኛና ጸሐፊ የሚሾም፣ የቀረውን የሚቀጣ፣ ድንኳኑንና ድስቱን ቆጥሮ የሚረከብ ሕዝብ። ሬሳ በክብር የሚያሳርፍ ኮሚቴ ምንጭ ማስገንባት ያቅተዋል?

ጎንደርም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን፣ የተቋቋመው በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው። ተማሪዎቹ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ባለሙያ ሆነው በቡድን እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። እዚያው ኖረው፣ መጸዳጃውንም ምንጩንም ከሰዉ ጋር አይተው ይማሩ ነበር። በዓመት አንዴ ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ፣ እኛ የለመድነው ዓይነት፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጉብኝት ነው።

የተነሡትን ሥጋቶች አልንቃቸውም። «ማንበብ አይችሉም» ላላችሁ፣ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ስንጀምር ማንበብ የምንችል? የሕንድ ሴቶችን አርአያ ተከትሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአዳማ የተጀመረው የራስ አገዝ ቡድን አሠራር አገሩን ያዳረሰው፣ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ከራሳቸው ኪስ ጥቂት ብር እያወጡ ፊት ለፊት ስለሚቆጥሩ ነው። እኛም እንደዚያው ነው ያደግነው። ገንዘቡን የምትይዘዋ ፊደል ባትቆጥርም ብር ትቆጥራለች፤ ሌሎቹም ያዩዋታል።

«ወንዶቹ ይወስዱባቸዋል» የሚለው ይከብደኛል። እውነት አለውና። በብዙ የውሃ ኮሚቴ ውስጥ የሴቶች ስም ግማሹን ይይዛል፤ ስብሰባ ላይ ግን ሴቶቹ ቡና ሲያፈሉ ወንዶቹ ይወስናሉ። ስለዚህ ነው ፈራሚነቱን ለሴቶች አጥብቀን የጠየቅነው። የጎጡን ሽማግሌዎች ሳነጋግር አንደኛው «ሴት ባንክ ቤት ስትመላለስ ቤቷን ማን ይይዛል?» አሉኝ። «ውሃ ስትመላለስ ማን ይዞት ነበር?» ያልኳቸው እኔ አይደለሁም፤ ባለቤታቸው ናቸው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ በዚህ አለቀ ማለቴ አይደለም። ሂሳቡ በየወሩ በሰንበቴው ቀን ሕዝብ ባለበት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ተስማምተናል።

«ገንዘቡ ቢጠፋስ?» ሊጠፋ ይችላል። ይህን ደብቄ ድምፃችሁን አልፈልግም። ለዚህ ነው በሦስት ጊዜ እንዲለቀቅ፣ ያለፈው ሳይወራረድ ቀጣዩ እንዳይሰጥ፣ ለሲሚንቶና ለቧንቧ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ እንዲሰበሰብ የተጻፈው። የእኛ ድርሻ እዚህ ገበያው ላይ ዋጋ ማጣራትና መኪና ማፈላለግ ነው። ግን ወፍጮውንም እኮ በእኛ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ሰባት ወር አጥተነዋል። ያኔ አንዳችንም «ገንዘብ ጠፋ» አላልንም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እነዚህ ሴቶች ለበሷችን ገብሱን፣ ለሽሯችን ባቄላውን የሚያቀርቡልን ናቸው። እኛ እንረዳቸዋለን ስንል እነሱ ደግሞ ነጋዴው ከሚሰጣቸው ዋጋ ብዙም ባልተሻለ ዋጋ ይሸጡልናል። ባለፈው ጊዜ አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር፤ ገብሱ በቁና መሰፈሩ ቀርቶ በሚዛን ይመዘንልን የሚል። ቁናችን ትንሽ ይሰፋል መሰለኝ። ይህ በዛሬው አጀንዳ የለም፣ ግን እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

የወረዳው የውሃ ባለሙያ በመጋቢት መጨረሻ፣ ምንጩ በሚቀንስበት ጊዜ፣ ውሃውን ሊለካ ቀጠሮ ይዟል። ሥራው ከሰኔ በፊት ካላለቀ ክረምቱ ይገባና ለከርሞ ይተላለፋል። ዛሬ ሳንወስን ከተበተንን ቀጣዩ ጉባኤያችን ግንቦት ላይ ነው።

የድምፅ መስጫው ወረቀት በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የተበጠሰውንም ቺንጋ እናቲቱ ሰጥተውኝ ስለነበር እዚያው አስቀምጨዋለሁ፤ ያላያችሁት እዩት።