ተረኛውና ተጠባባቂው

(በምሩቃን ማኅበሩ የዳግም መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ልብ ሕመም የማወራ መስሏቸዋል። ስለ ልብም አነሳለሁ፤ ዋናው ጉዳዬ ግን ፋየርዎል ነው። የሕክምናዎቹ አትደንግጡ፤ የኢንጂነሪንጎቹም ገና ሳልጀምር አትሳቁብኝ።

ከሕክምናው ጎን ለጎን የሆስፒታላችን የዲጂታል ሥራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ማንም የማይፈልገው ኮሚቴ ስለሆነ እኔ ጋ ደረሰ። በሚመጣው ዓመት ካርድ ክፍላችን ወረቀት ሊያቆም ነው። ብዙዎቻችሁ የምትሠሩባቸው ቦታዎችም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ወረቀቱ ከሄደ በኋላ ኔትወርኩ ሲቆም የላቦራቶሪው ውጤት፣ የራጁ ምስል፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ አብሮ ይቆማል። ይህን ስጋት በስብሰባ ላይ ባነሳሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ሁለት እኮ ነው የገዛነው!»

ፋየርዎል ማለት ለማያውቀው ሰው የኔትወርክ ዘበኛ ነው። በሆስፒታሉና በውጪው መካከል፣ አንዳንዴም በሆስፒታሉ ክፍሎች መካከል ቆሞ ይህ ይለፍ፣ ያ አይለፍ ይላል። ሁሉም ነገር በእሱ በኩል ስለሚያልፍ እሱ ከወደቀ ሁሉም ይቆማል። ለዚህ ሲባል ሁለት ይገዛል፤ አንዱ ተረኛ፣ ሌላው ተጠባባቂ። በመካከላቸው ገመድ አለ፤ በዚያ ገመድ «አለሁ፣ አለሁ» እየተባባሉ ይጠባበቃሉ። መሐንዲሶቹ ይህን ምልክት ሃርትቢት ይሉታል፤ የልብ ምት ማለት ነው። ቪአርአርፒ በሚባለው በተለመደው ደንብ ለምሳሌ ምልክቱ በየሰከንዱ ይላካል፤ ተጠባባቂው ለሦስት ሰከንድ ያህል ካልሰማ «ሄዷል» ብሎ ተራውን ይወስዳል። ይህ ርክክብ ነው ፌይልኦቨር የሚባለው።

ልብም እኮ የተሠራው ከነተጠባባቂዎቹ ነው። ተረኛው ሳይነስ ኖድ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። እሱ ዝም ሲል የኤቪ መጋጠሚያው ከ40 እስከ 60 እየመታ ይረከባል፤ እሱም ካቃተው የታችኞቹ የልብ ክፍሎች ከ20 እስከ 40 ይመታሉ። ቀርፋፋ ነው፤ ሕይወት ግን ያቆያል። ችግሩ ርክክቡ ላይ ነው። ተጠባባቂው ለዓመታት በተረኛው ፍጥነት ታፍኖ ስለኖረ፣ ተረኛው በድንገት ሲቆም ወይም መልእክቱ መንገድ ላይ ሲዘጋ ቶሎ አይነሳም። በዚያች የጥቂት ሰከንዶች ዝምታ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። የደብሊን ሐኪሞች ሮበርት አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1827፣ ዊሊያም ስቶክስ በ1846 የጻፉበት ይህ ሕመም ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል። ሰውየው ተጠባባቂ ነበረው፤ ወደቀ ግን።

አሁን ወደ ሆስፒታል ልመልሳችሁ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ ስሙ ይቆየን፣ አንድ ምሽት የተረኛው ፋየርዎል የኃይል ክፍል ተቃጠለ። ተጠባባቂው በሰከንዶች ውስጥ ተረከበ። መብራቱ አረንጓዴ፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ባለሙያው «ሰላም ነው» ብሎ መዝግቧል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ተኝቷል፤ የፖታሲየም ውጤቱን እንጠብቃለን። ውጤቱ ከላቦራቶሪ ወጥቷል፣ እኛ ጋ ግን አልደረሰም። በመጨረሻ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኗ በወረቀት ጽፋ ደረጃውን ሮጣ ወጣች። ሰውየውን ያተረፈችው እሷ ናት።

ባለሙያው ወጣት ነው፤ መሣሪያውን ደጋግሞ ቢያይ ጤነኛ ነው። ያኔ አንዲት ሲኒየር ነርስ ያለችው እስካሁን ይገርመኛል። «የማይሠራውን ተወው፤ የማይሠሩት የሚጋሩትን ፈልግ» አለችው። ይህ እኮ የመጀመሪያ ዓመት ክሊኒካል ትምህርታችን ነው! ዝርዝር ተሠራ። ኢሜይል ይሠራል፣ ፋርማሲ ይሠራል፤ ላቦራቶሪና ራጅ አይሠሩም። ሁለቱ የሚጋሩት አንድ የኔትወርክ ክፍል ነው። ተጠባባቂው ወደዚያ ክፍል የሚሄድ ገመድ ነበረው፤ ገመዱ የተሰካበት የስዊች ፖርት ግን ለዚያ ክፍል ከመጀመሪያው አልተፈቀደለትም። ከተተከለበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ተጠባባቂው አንድም ቀን ሠርቶ ስለማያውቅ ማን ይወቀው? መሣሪያው ራሱም አላወቀም፤ እንዲከታተላቸው ከተነገሩት መስመሮች መካከል ያ መስመር አልነበረበትም።

ፖርቱ ተስተካከለ፤ ራጁ መጣ፣ ላቦራቶሪው ግን አሁንም የለም። እዚህ ላይ ሁለተኛው ነገር አለ። ፋየርዎል የትኛው ማሽን ከየትኛው ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ በሰንጠረዥ ይይዛል። ያ ሰንጠረዥ በየጊዜው ለተጠባባቂው ካልተላከ፣ አዲሱ ተረኛ በመሃል ያሉትን ግንኙነቶች አያውቃቸውም፤ ዝም ብሎ ይጥላቸዋል። የላቦራቶሪው ፕሮግራም ደግሞ የድሮው መስመር ክፍት መስሎት ይጠብቃል። ያለ ርክክብ ዲዩቲ የገባ ሬዚደንት አስቡ፤ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ አልጋ 7 ላይ ምን እንደተጀመረ ግን አያውቅም። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ውጤቶቹ ተግተልትለው ገቡ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በማግስቱ ረፋድ የተቃጠለው ተጠግኖ ሲመለስ ማንንም ሳይጠይቅ ተራውን መልሶ ወሰደ፤ እንዲህ እንዲያደርግ ነበር የተቀናበረው። ተመላላሽ ክፍሉ በሰው በተሞላበት ሰዓት ሌላ መቋረጥ ሆነ። በኔ አስተያየት ይህ ቅንብር በሆስፒታል ውስጥ ቦታ የለውም። የዳነው መሣሪያ ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጥ፤ መቼ እንደሚመለስ ሰው ይወስን።

ከዚህ የከፋውም አለ፤ ሁለቱም ተረኛ ነኝ ሲሉ። የሃርትቢቱ ገመድ እንደሌላው ሁሉ በአንድ ስዊች በኩል ካለፈና ያ ስዊች ከተበላሸ፣ እያንዳንዱ ሌላው የሞተ ይመስለዋል። ሁለቱም በአንድ አድራሻ ይነሳሉ። ምልክቱ ሙሉ መቆም አይደለም፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ ሁሉም የራሱን ኮምፒውተር ይወቅሳል። ሕክምናው አንዱን ከኔትወርኩ መነጠል ነው፤ መከላከያው ደግሞ ሁለት የተለያዩ የሃርትቢት ገመዶች፣ ቢቻል በቀጥታ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ።

«ይሄ የድሃ አገር ችግር ነው» የምትሉ ካላችሁ ቦስተን ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2002 የሃርቫርድ ማስተማሪያ የሆነው ቤዝ እስራኤል ዲያኮነስ ሆስፒታል ኔትወርኩ ተንቀራፍፎ ወደቀ፤ ለአራት ቀን ያህልም ወደ ወረቀት ተመለሱ። ትርፍ መንገድ አልጎደላቸውም ነበር። ኔትወርኩ ዓመት በዓመት እየተቀጠለ ስላደገ፣ ትርፍ መንገዶቹን ዘግቶ የሚጠብቀው ደንብ ከአቅሙ በላይ ሆነበት፤ ያ ሲሆን መረጃው በትርፍ መንገዶቹ ክብ እየዞረ ኔትወርኩን አነቀው። የቆመላቸው ነገር ራሱ ጣላቸው ማለት ነው። የዚያን ጊዜው የኢንፎርሜሽን ኃላፊ ጆን ሃላምካ ራሳቸው የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነበሩ፤ ነገሩን አልሸሸጉም፣ ሌሎች ሆስፒታሎች እንዲያውቁት በይፋ ተናገሩት። እኛ አገር ይህን የሚያደርግ ኃላፊ ማየት እመኛለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለኮሚቴያችን የመጣው ሐሳብ የበለጠ ውድ መሣሪያ መግዛት ነው። እኔ ተቃውሜያለሁ። ያለንን እንንቀለው ነው ያልኩት፤ ቃል በቃል የተረኛውን ገመድ እንንቀል። ባለሙያዎቹ ይስማማሉ፤ ግን እሑድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይላሉ። በዚያ ሰዓት እኮ ማን አለ? ሰው በሌለበት ምን እንደቆመ አይታይም። በሥራ ቀን፣ በቀን፣ ወረቀት ቅጹ በየዋርዱ ተዘጋጅቶ፣ በየክፍሉ አንድ ሰው ቆሞ ይሁን። ላቦራቶሪ አንድ ውጤት ይላክ፣ ራጅ አንድ ምስል፣ ፋርማሲ አንድ ትእዛዝ። ከዚያም በአምስት ደቂቃ አንመለስ፤ ሳምንት በተጠባባቂው ላይ እንኑር። እንቅልፍ ላይ ያለ ጉድለት ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል።

በዚያው ኤሌክትሪኩንም መከተል ነው። ለሙከራው ስንዘጋጅ ገመዱን በእጃችን እየያዝን ሄድን፤ ሁለቱ ፋየርዎሎች የተሰኩት በአንድ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ የኢንተርኔት መስመሮችም ወደ ግቢው የሚገቡት በአንድ ቦይ ነው፤ የመንገድ ሥራ አካፋ ደግሞ አንዱን ከሌላው አይለይም። ዩፒኤሱ ተለይቷል። ቦዩ ገና ነው።

የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ክፍል መምህራን፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎቻችሁን ላኩልን፤ ገመድ የሚከተልና የሚመዘግብ ዓይን ያስፈልገናል። የሕክምና ተማሪዎቹ በየዋርዱ ይቆማሉ፤ ከዲኑ ጋር ተነጋግረናል። ካርድ ክፍሉም ሙከራው ሳያልፍ ወረቀቱን እንዳይጥል ማኔጅመንቱ በቃለ ጉባኤ ተስማምቷል። ገመዱን የምንነቅለው ከበዓሉ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። የላቦራቶሪ ኃላፊያችን ቡና አፈላለሁ ብላለች።