ስለ ዘፈን ፍቅርና ስለ ዘፈን ሥራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ፥ የዘፈን ግጥም ደራሲ፥ ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት እንድናገር ስለ ተጋበዝሁ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። እኔም እንደ እናንተ በዚህ አዳራሽ ተቀምጬ የእንግዶችን ንግግር በማዳምጥበት ዘመን፥ ንግግሩ ሲረዝምብኝ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ የዘፈን ግጥም እሞክር ነበር። ዛሬም እንደዚያ የሚያደርግ ተማሪ ከመካከላችሁ ቢኖር አልቀየመውም፤ እንዲያውም የምናገረው በተለይ ለእርሱ ነው።

ዘፈንን መውደድ የጀመርሁት በቤታችን ራዲዮ ነው። አባቴ ዜና ካዳመጡ በኋላ ራዲዮውን ሊዘጉ ሲነሡ፥ ጥላሁን ገሠሠ ወይም ብዙነሽ በቀለ መዝፈን ከጀመሩ እጃቸው በመዝጊያው ላይ እንዳለ ይቆሙ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን «ዘፈን ለጆሮ እንጂ ለእንጀራ አይሆንም» ብለው ይዘጉታል። እኔ ግጥም መጻፌን በሰሙ ጊዜ ደግሞ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል በብዙ ሰው አፍ የሙያ ስም ሳይሆን ስድብ ነበር። የሚያስደንቀው፥ ዘፋኙን እጅግ የሚወድ ሰው የገዛ ልጁ ዘፋኝ እንዳይሆን መጸለዩ ነው። አባቴን ግን አልወቅሳቸውም፤ ያሰቡት የልጃቸውን ኑሮ ነውና።

ዘመናዊ የምንለው ዘፈናችን ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፥ ከአንድ ምንጭ ብቻ የተቀዳ ሆኖ አናገኘውም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። የሙዚቃ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተመሠረተ፤ ክራርና ማሲንቆም በመድረኩ ላይ ቦታ አገኙ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛና የሌሎችም ክፍሎች ኦርኬስትራዎች ሳክስፎኑንና ትረምፔቱን ከአገራችን ቅኝቶች ጋር አስማሙ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በእኔ የወጣትነት ዘመን ደግሞ የሸክላውን ቦታ ካሴት ወሰደው። እንግዲህ መሣሪያው ከውጭ፥ ቅኝቱ ከአባቶች፥ ቃሉ ከሕዝብ የመጣ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ዘፈን ደራሲ በመጀመሪያ ተቀባይ ነው።

የግጥም ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ግጥሙ ከዜማው ጋር መስማማት አለበት። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ የሚቀሰቅሱት ስሜት ግን ይለያያል። የወል ቤት ግጥም ስድስትና ስድስት ሆኖ ይከፈላል፤ ሰንጎ መገን ደግሞ አምስትና አምስት። ቍጥሩ ተካክሎ እንኳ ሥራው አያልቅም። «አለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ሲላላ «ተናገረ» ማለት ይሆናል። አንድ ጊዜ የዜማው ማርዘሚያ በዚህ ቃል ላይ ወድቆ፥ ዘፋኙ «በቤቱ አለ» ሊል ሲገባው ሰውየውን ተናጋሪ አደረገው። እኔ በጭንቀት ላብ ሲያሰምጠኝ የመሣሪያ ተጫዋቾቹ በሳቅ ፈረሱ።

አሁን የምነግራችሁ ግን የሚያስቅ አይደለም። በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። በግቢያቸው ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ ሁልጊዜ አንድ እንጉርጉሮ ያንጎራጕሩ ነበር። አንድያ ልጃቸው ወደ ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። እኔም ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ከእንጉርጉሯቸው ሁለት ስንኝ በቃሌ ያዝሁ። ከዓመታት በኋላ ለአንድ ካሴት ግጥም አምጣ በተባልሁ ጊዜ እነዚያን ስንኞች በራሴ ግጥም መካከል አስገባኋቸው። የዜማው ደራሲ ፈጣን ምት ሰጠው፤ የልቅሶው ቃልም የጭፈራ ቃል ሆነ። በካሴቱ ሽፋን ላይ «ግጥም» ከሚለው ቀጥሎ የታተመው ስም የእኔ ብቻ ነበር።

ዘፈኑ ተወደደ። በታክሲው፥ በሻይ ቤቱ፥ በሠርጉም ቤት ይሰማ ጀመር። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ። አንድ ቀን በጎረቤት ሠርግ ላይ ዘፈኑ ሲከፈት እኒያ እናት ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። አልተቈጡም። በዝግታ «ልጄ፥ ልጄን ለማን ዳርኸው?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። በማግሥቱ ከተከፈለኝ ገንዘብ ከፍዬ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ገንዘቡን ሳይነኩ «ይህን መልሰው። የእኔንም ስም ተወው። ለልጅ የተለቀሰ እንጂ ለጭፈራ የተባለ አለመሆኑን ግን ተናገር» አሉኝ። ካሴቱ ተበትኗልና መሰብሰብ አይቻልም። እኒያ እናትም ካረፉ ዘመን አልፏል። ለእኔ የቀረኝ፥ ዕድል ባገኘሁበት ሁሉ አደራቸውን መፈጸም ነው፤ ዛሬም በፊታችሁ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በኪሴ ደብተር እይዛለሁ። የሰማሁትን ቃል ስጽፍ ከማን እንደ ሰማሁትና ስለ ምን እንደ ተባለ ከጎኑ እጽፋለሁ። ባለቤቱን ስጠይቅ አንዳንዱ በደስታ ይሰጠኛል፤ አንዳንዱ ይከለክለኛል፤ ስከለከልም እተወዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ በመውጣቱ ደራሲ የሚከራከርበት ሕግ አግኝቷል። ነገር ግን በግቢ ውስጥ ጥጥ እየፈተለች የምታንጎራጕር እናት ፍርድ ቤት አትሄድም። ለእርሷ ጠበቃ የሚሆናት የደራሲው ኅሊና ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ዛሬ በኪሳችሁ በያዛችሁት ስልክ ዘፈን መቅዳትም ለዓለም ማሰማትም ትችላላችሁ። እኛ ካሴት አሳታሚ ደጅ የጠናንበትን ነገር እናንተ በአንድ ሌሊት ትፈጽሙታላችሁ። ስለዚህ አደራው በእናንተ ላይ ይከብዳል። ዘፈንን ውደዱ፤ መውደዳችሁም አያሳፍራችሁ። ብትችሉ ድረሱ። ነገር ግን ከመድረሳችሁ በፊት አዳምጡ፤ ያዳመጣችሁትንም ከወሰዳችሁ ከማን እንደ ወሰዳችሁ ተናገሩ። «አዝማሪ» ማለት ስድብ የሚሆነው የሰውን ኀዘን ሰርቆ ለሚሸጥ ብቻ ነው፤ በእውነት ለሚሠራ ግን የክብር ስም ነው።

አባቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ከዘፈኖቼ አንዱን በራዲዮ ሰምተው እጃቸው በመዝጊያው ላይ እንዳለ እስኪያልቅ ቆሙ። ሲያልቅም ምንም ሳይናገሩ ዘጉት። እኔ ግን ያን ዝምታ እንደ ምርቃት ቈጥሬዋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።