ሁለት ጊዜ የመጣች ሰዓት፤ ስለ ጊዜና ስለ ቀን አመዘጋገብ የተደረገ ንግግር



በካርቱም ባሕሪ፣ ከዓባይ ወንዝ ማዶ በሚገኘው በካፉሪ ሠፈር፣ በጥቅምት 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት አንዲት ሰዓት ሁለት ጊዜ መጣች። ነገሩ ተአምር አይደለም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሞላ፣ የሱዳን መንግሥት ባወጣው ውሳኔ መሠረት፣ የአገሩ ሰዓት ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ 5 ሰዓት ሆነ፤ ከ5 እስከ 6 ያለውም ጊዜ እንደ ገና ተቈጠረ። በጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. የተደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ቀትር ላይ ልክ 6 ሰዓት ሲሆን 7 ሰዓት ተብሎ ስለ ታወጀ፣ በዚያ ቀን በካፉሪ 6 ሰዓት ተኩል የሚባል ጊዜ አልነበረም።

የ1992ቱን ለውጥ ሕዝቡ «ቡኩር» ብሎ ጠራው፤ በዓረብኛ ማልዶ መነሣት ማለት ሲሆን፣ ከግዕዙ «በኩር» ጋራ የአንድ ሥር ቃል ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይ አዋጅ አትሰማም። የካርቱም ቀትር የግሪንዊችን ቀትር የሚቀድመው በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ነው፤ የአገሩ ሰዓት ግን በ3 ሰዓት እንዲቀድም በመደረጉ፣ ወደ 18 ዓመት በሚጠጋው በዚያ ዘመን ፀሐይ ከአናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነበር። የ2010ሩ ውሳኔ ሰዓቱን ወደ ፀሐይዋ መለሰው፤ ደቡብ ሱዳንም በጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ይህንኑ አደረገች። ኢትዮጵያ ግን በነበረችበት ስለ ጸናች፣ በካፉሪና በጎንደር አንድ የነበረው ሰዓት ተለያየ።

ኮምፒውተር ጊዜን የሚያውቀው በቍጥር ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮጳ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 አንሥቶ ያለፉትን ሴኮንዶች ይቈጥራል። ይህን ቍጥር ወደ አገር ሰዓት ለመመለስ ግን፣ እያንዳንዱ መንግሥት መቼ ምን እንዳወጀ የሚናገር መዝገብ ያስፈልገዋል። መዝገቡን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ ጀመረው፤ ከእርሱ በኋላ ፖል ኤገርት ይጠብቀዋል። የሱዳን አዋጅ የገባበት እትም የወጣው ለውጡ 12 ቀን ብቻ ሲቀረው ነበር፤ የደቡብ ሱዳኑም 8 ቀን ሲቀረው። እትሙን በጊዜው ያልተቀበለ ስልክ በማግሥቱ ባለቤቱን አንድ ሰዓት አስቀድሞ ቢቀሰቅስ አያስደንቅም።

ከዚህ የባሰው ችግር ግን የሚመጣው መዝገቡ ሳይዘገይ፣ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ሳያስብ የቀረ እንደ ሆነ ነው። በካፉሪ በአንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት በመስከረም 2010 ዓ.ም.፣ ለኅዳር 1 ቀን ጧት 2 ሰዓት የተቀጠረችበትን ጉዳይ በስልኳ ጻፈች እንበል። ፕሮግራሙ ቃሉን ትቶ የግሪንዊችን ቍጥር ብቻ አስቀምጦ ከሆነ፣ ቀኑ ሲደርስ 1 ሰዓት ብሎ ይነግራታል። «ጧት 2 ሰዓት፣ በካርቱም» የሚለውን እንደ ተነገረው ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ግን፣ አዋጁ ምንም ቢለዋወጥ ባልተሳሳተ ነበር። ላለፈ ነገር ደግሞ ፍርዱ ይለወጣል። በዚያች ሌሊት ለውጡ ሳይደርስ 5 ሰዓት ከ50 ላይ አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ መንትያው ከ20 ደቂቃ በኋላ ቢከተለው፣ ሁለተኛው የሚመዘገበው 5 ሰዓት ከ10 ተብሎ ነው። የአገሩ ሰዓት ብቻ ከተጻፈ፣ ታናሹ ብኩርናን በወረቀት ወሰደ። እዚህ ላይ የሚያድነው ያ የተናቀው ቍጥር ነው።

የታሪክ መምህራንን በይበልጥ የሚመለከተው ሌላ ነገር አለ። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው ያልተለያየ ከተሞች በዋናው መዝገብ በአንድነት ስለሚታሰሩ፣ አዲስ አበባ ከናይሮቢ ጋራ ታስራለች። ናይሮቢ ግን በእንግሊዞች ዘመን፣ ከ1937 እስከ 1942 አጋማሽ፣ ግሪንዊችን የምትቀድመው በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነበር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጠቅሶ የአዲስ አበባን ሰዓት ለሚጠይቅ ሰው፣ ኮምፒውተሩ የቅኝ ግዛቷን የናይሮቢን ሰዓት ያለ ምንም ማመንታት ይሰጠዋል። መዝገቡን የሚጠብቁት ሰዎች ይህን አልደበቁም፤ ከ1970 በፊት ላለው ኃላፊነት እንደማይወስዱ ጽፈዋል። የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወረቀታቸውን ትተው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለትምህርት ቤት የሚቀርበው የልጅ ዕድሜ ያን ጊዜ ከእናት አፍ ብቻ የሚገኝ ሆነ። በኅዳር 27 ቀን 2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮጳ አቆጣጠር ልደቱ ዲሴምበር 7 ቀን 2015 ነው። ጸሐፊው 27/3/2008 ብሎ ቢጽፍና ፕሮግራሙ እንደ አውሮጳ ቢያነበው፣ ልጁ በአንድ ጊዜ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ያረጃል። 7 መደመር ሲገባው 8 ቢደምር፣ አንድ ዓመት ያንሳል። የ2007 ጳጉሜን 6 ቀን እንደ ነበረች ቢዘነጋ፣ ዲሴምበር 6 ይሆናል። ሁሉንም በትክክል አስልቶ፣ ልደቱን «የአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት» አድርጎ ቢያስቀምጠው እንኳ፣ በግሪንዊች ሰዓት የሚያነበው ኮምፒውተር ያንኑ ዲሴምበር 6 ያሳያል። ልደት ቀን ነው እንጂ ሰዓት አይደለም፤ ያልተነገረ ሰዓት ሊጨመርበት አይገባም።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። በብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚሠራው «አይ ሲ ዩ» የሚባለው የፕሮግራም ስብስብ 13ቱን ወር ከነጳጉሜኑ ያውቃል። የሚጐድለው በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ነው፤ እናቲቱ የተናገረችው ቀን፣ በወሩ ስም «ኅዳር» ተብሎ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ የሚጻፍበት ዓምድ። የአውሮጳው ቀን በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ከተሳሳተ ከመጀመሪያው እየታየ ይታረማል። በካፉሪ የቀረው ወረቀት አንድ ቀን የተገኘ እንደ ሆነም የሚመሳከረው ከዚያው ከመጀመሪያው ዓምድ ጋራ ነው።